ሁለት የሆነው የአያቴ ሞተር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ከጎረቤታችን ከሚስተር አልደርሰን ጋር ልትኮበልል መሆኑን ከእኔ በቀር በሸለቆው ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማስረጃዬ የማያወላዳ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አባቴ ከሥራ ሳይመለስ፣ የልብስ ቅርጫቷን በፎጣ ሸፍና በጓሮ በር ትወጣለች። ስትሄድ ቅርጫቱ ከብዷት ትንገዳገዳለች፤ ስትመለስ ባዶውን እያወዛወዘች ታንጎራጉራለች። እናቴ ደግሞ የምታንጎራጉር ሴት አልነበረችም። ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ነገር አለ። ሚስተር አልደርሰን ጡረታ የወጣ ብረት ቀጥቃጭ ስለሆነ እጁ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ነው። ስለዚህ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነም አውቄ ነበር። ቤታችንን በጥቂት በጥቂቱ እያጓጓዘች ነው። ዛሬ ድስት፣ ነገ ማንኪያ፣ ከነገ ወዲያ ብረት ምጣድ። አንድ ቀን ደግሞ እሷና ሚስተር አልደርሰን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከጋራዡ ጀርባ አንስተው በአጥሩ ቀዳዳ ሲያሾልኩ በመስኮት አየሁ። ታጣፊው አልጋ መሆኑን ወዲያው ገባኝ። ታጣፊ አልጋ እንደሌለን ያስታወስኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

አባቴ ክሊፍ ይህን ሁሉ አያይም። የአያቴ ሞተር ሳይክል ይዞት ነበር።

እኛ ጋ፣ በዮርክሻየር ኮረብታዎች፣ አንድ ወንድ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ወይ እርግብ ያረባል ወይ አሮጌ ሞተር ይይዛል። የሞተሩ ውድድር የፍጥነት እንዳይመስላችሁ። ማንም ማንንም አይቀድምም። ምንጭ በሚወርድበት ቋጥኝ መሃል፣ በኤሊ እርምጃ፣ እግርህን ሳታወርድ ትወጣለህ። እግርህ መሬት ካልነካ ዜሮ ታገኛለህ፤ ዜሮ ደግሞ ትልቅ ክብር ነው። አንዴ ካወረድክ አንድ ይያዝብሃል፤ ከቆምክ ወይም ከወደቅክ አምስት። ከገመዱ ባሻገር ሰሌዳና እርሳስ የያዘ ታዛቢ ይመዘግባል። ታዛቢው አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ሚስት ናት። ዝናብ ላይ ቆሞ ጎልማሳ ሲወድቅ የሚያይ ሌላ ማን ይገኛል?

ክለባችን በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ለአሮጌ ሞተሮች ብቻ የሚያዘጋጀው ውድድር አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ሞተሩ ከ1965 በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ደንቡን ሁሉም ያከብር ነበር፤ ማለትም ሁሉም ሞተሩን ከ1965 በፊት የተሠራ ያስመስል ነበር። ይህ በሁለቱ መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት ነው፤ በክለቡ ውስጥ ጨዋ ሰው አያነሳውም።

ሞተሩ የእናቴ አባት የዊልፍ ሜትካፍ ነበር። አያቴ መከር ላይ ሞተ፤ ሞተሩ ወደ እኛ ጋራዥ ተገፍቶ ገባ። አባቴ በመጀመሪያው ቀን የኋላ ጎማውን ሊያነሳ ሞክሮ ወገቡን ያዘና ለሁለት ቀን ተኛ። ሲነሳ የእናቴን የኩሽና ሚዛን ተሸክሞ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ ሚዛኑም እስከ ፋሲካ አልተመለሰም። ክረምቱን ሙሉ እናቴ ኬክ የጋገረችው በግምት ነው።

ብሎኑን፣ ዳዶውን፣ ሁሉንም መዘነ። የከበደው ይወጣል፤ በቦታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀጭን ነገር ይገባል። መሪው ተቀየረ፤ ጎማው የሚዞርበት ሞዞ ተቀየረ፤ ካምቢዮው ተቀየረ፤ ማርሚታው ተቀየረ፤ የቤንዚን ታንኩ ሳይቀር በፕላስቲክ ተቀየረ። ጥር ላይ ሁሉን ነገር የሚሸከመው ሻሲም ራሱ ወጥቶ ቀጭን ቱቦ ገባ። አዲሱ ነገር ደግሞ አዲስ መምሰል የለበትም። ስለዚህ አባቴ አሉሚኒየሙን በኮምጣጤ ይዘፈዝፈዋል፣ በወፍራም ሻይ ይቀባዋል፣ በአሸዋ ያሸዋል፣ ለመጨረሻው ውበት ደግሞ የላም እበት ይለቀልቀዋል። እኔ የማየው አባቴ የአያቴን ሞተር እንደ በሽተኛ ሲያስታምም ነበር። «ሻይ ይጠጣል እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሽማግሌ አይደለ? ሽማግሌ ሻይ ይወዳል» አለኝ። ልቤ ተነካ። አባቴ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ሆኖ ሳለ እናቴ ልትተወው ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ ሦስተኛውን ቁራጭ የሥጋ ፓይ እየጎረሰ፣ «ዛሬ ሁለት መቶ ግራም ቀነስኩ» አለ።

«አንተ ነህ ወይስ ሞተሩ?» አለች እናቴ።

«የኋላው ሞዞ ነው ሞሪን። አባትሽ ቢያየው እኮ ይኮራ ነበር።»

«አባቴ ቢያየው አያውቀውም።»

«እንዴት አያውቀውም? መልኩ እኮ ቁርጥ እሱን ነው!»

«የድሮውን የት አደረግከው?»

«ከጋራዡ ጀርባ ወርውሬዋለሁ። ቆራሌው ይወስደዋል።» አኘከና አሰበ። «ጎበዝ ቆራሌ ነው እኮ። ድምፁን ሳያሰማ ነው የሚያነሳው።»

እናቴ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። አንገቷ ቀላ። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሌላ ነገር ጀመረች። የሊጥ መዳመጫዋን ወለሉ ላይ ታስቀምጥና በላዩ ጣውላ ታጋድማለች፤ ጣውላው ላይ ትቆምና ድንች ትልጣለች። ጣውላው ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፤ እሷ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ትልጣለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድንች እየላጥኩ።»

ብላ ብላ አበደች ብዬ አለቀስኩ።

መጋቢት ላይ ተከተልኳት። የሚስተር አልደርሰን ወርክሾፕ መስኮት ከዳክዬዎቹ ጉረኖ በላይ ነው፤ ጉረኖው ላይ ወጥቼ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውስጥ ብረት ይመታል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያወራሉ።

«ክሊፍ ሲያውቅስ?» ይላል እሱ።

«ይወቀዋ! የወሰድኩት የአባቴን ነው፤ የእሱን አልነካሁም።»

«ከተውሽው ግን ስንት ዘመን ሆነ?»

«ካገባሁ ወዲህ። ታዛቢ ሁኚ አሉኝ፣ ታዛቢ ሆንኩ። ሰሌዳ ያዥ አሉኝ፣ ያዝኩ። አሁን በቃኝ አልደርሰን።»

«እና መቼ ነው?»

«የፋሲካ ማግስት። ሁሉም እያየኝ።»

ሁሉም እያየ! እኔ የሰማሁት ይህን ነው። በጨለማ ተደብቆ መጥፋት እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ይህቺ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ በተሰበሰበበት! ከጉረኖው ስወርድ ዳክዬዎቹ ላይ ወደቅኩ። ሚስተር አልደርሰን ያን ጊዜ ሰባዎቹን አጋምሶ፣ በሁለት ከዘራ ነበር የሚሄደው፤ እናቴ አርባ አልሞላትም። ልጅ ግን ይህን ልዩነት አያየውም። ለእኔ ሁለቱም ትልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ትልቅ ሰዎች ደግሞ ይኮበልላሉ።

አባቴን ለማስጠንቀቅ ሞከርኩ። ጋራዥ ውስጥ በሞረድ አንድ ብሎን እያሳሳ ነበር።

«አባዬ፣ እማዬ ብትሄድ ምን ታደርጋለህ?»

«የት?»

«ዝም ብላ ብትሄድ። ባትመለስ።»

ሞረዱ ቆመ። የቆመ መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ማሳሳቱን ቀጠለ። «ሳንድዊች እንበላለና» አለ። «ያንን ቁልፍ አቀብዪኝ ጁዲት።»

ከዚያ በኋላ እናቴን የማስቀረት ሥራ የእኔ ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። በጣም ፈራሁ።

የፋሲካ ማግስት እንደ ደንቡ ዘነበ። ኮረብታው ግርጌ ሁሉም ሞተሩን ደርድሮ የሚስተር ፒከርስጊልን ምርመራ ይጠብቃል። ፒከርስጊል የክለቡ ሊቀመንበርም መርማሪም ሽልማት ሰጪም ነው፤ ሌላ ሰው ለሥልጣን አይደርስም እንጂ አይከለከልም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሰልፉ ፊት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሞተር ዘንድ ቆሞ «ግሩም፣ ግሩም። ከፋብሪካ እንደወጣ!» ይላል። ተወዳዳሪውም አንገቱን ይሰብራል። ማንም ወደ ታች አጎንብሶ አያይም፤ የራሱ የፒከርስጊል ሞተር ከአውሮፕላን ቁርጥራጭ መሠራቱን ሁሉም ያውቃል።

አባቴ ጋ ሲደርስ ረጅም ጊዜ ቆመ። ዝገቱን አየ፣ እበቱን አሸተተ። «ክሊፍ፣ እንዲህ ያለ ያልተነካ ሞተር አላየሁም። ዊልፍ ራሱ የመጣ መሰለኝ» አለ። አባቴ እንባ አቀረረ። ያን ዕለት እንባው እውነተኛ መሰለኝ፤ ዛሬም እውነተኛ ይመስለኛል። ክረምቱን ሙሉ የዋሸ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱን ያምናል።

በዚያው ቅጽበት ከጭጋጉ ውስጥ ከባድ፣ ዘገምተኛ ድምፅ መጣ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። እናቴ ነበረች። የአያቴን የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ በአንድ ትልቅ፣ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ ሞተር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ሚስተር አልደርሰን በቫን ይከተላታል። መጣች አልኩ። ልትሰናበተን መጣች።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ «ሞሪን ሜትካፍ፤ የዊልፍ ሜትካፍ ሞተር» አለች። በአባቷ ስም!

ፒከርስጊል ወደ አባቴ ሞተር ዞረ፣ ወደ እሷ ዞረ። «የዊልፍ ሞተርማ እዚህ አለ።»

«ተመልከተው እንጂ። ሥራህ አይደለም?»

ያን ጊዜ፣ በክለቡ ታሪክ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፒከርስጊል አጎንብሶ አየ። የእሷን ሞዞ በጣቱ ለካ። የኋላ ጎማውን ሊያነሳ ሞከረ፤ ወገቡ ቀጭ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ቲማቲም ሆኗል።

«ይኼ ተነካክቷል» አለ።

«ምኑ?»

«ሁሉ ነገሩ! በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሞዞ የት ነበር? የግንድ ያህል እኮ ይወፍራል! ሃያ ዓመት ሞተር መርምሬአለሁ፤ እንዲህ የሚከብድ አሮጌ ሞተር አላጋጠመኝም። ይቅርታ ሞሪን፣ የዘመኑ መንፈስ የለውም።»

ሰልፉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፤ የዘመኑ መንፈስ የለውም። ያንን ሞተር እውነተኛ ነው ያለ ሰው የራሱን ምን ሊለው ነው? እናቴ አልተከራከረችም። አባቴን ብቻ አየችው።

አባቴ ግን ሞተሩን እያየ ነበር። ዓይኑ ከብሎን ወደ ብሎን ሲሄድ፣ እያንዳንዱን ሲያውቀው አየሁት። ኩሽና ሚዛን ላይ ያስቀመጠውን ነገር ሰው አይረሳም። ቆራሌው ማን እንደሆነ ገባው። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ሞተር አጠገቡ ቆሟል፤ እበቱ በዝናቡ እየታጠበ ነው።

«ፒከርስጊል» አለ በመጨረሻ፣ «ሞዞው እውነተኛ ነው።»

«አንተ በምን ታውቃለህ?»

«የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በቀብር ላይ የሳቀ ሰው ቢኖር እንኳ እንዲህ አይታፈርለትም። ፒከርስጊል በደንቡ መሠረት የአባቴን ሞተር ማገድ አለበት፤ የአባቴን ካገደ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን፣ በመጨረሻም የራሱን። ስለዚህ የእኛ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሻይ ይቅረብ አለ። ሻዩ ተጠጥቶ ሲያልቅ ነገሩ ተፈትቷል። አባቴ «በቴክኒክ ብልሽት» ራሱን አገለለ፤ የሌሎቹ ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጡ ቀሩ። እናቴ በየዓመቱ የምትታዘብበት ቦታ ባዶ ስለቀረ ደግሞ አባቴ ሰሌዳ ይዞ እዚያ እንዲቆም ተወሰነ።

ቦታው የቄሱ ደረጃ ይባላል፤ ውሃ የሚንሸራተትባቸው ቋጥኞች እንደ ደረጃ የተደረደሩበት ነው። እኔ ከአባቴ አጠገብ ገመዱን ይዤ ቆምኩ። አናት ላይ የሚስተር አልደርሰን ቫን የኋላ በሮቹን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። በደረጃው ትወጣለች፤ ቫኑ ውስጥ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ አለቀ። ቫኑ የተበላሹ ሞተሮችን እንዲያነሳ ክለቡ የለመነው መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ብዙዎቹ እዚያ ወደቁ። የፒከርስጊል የእህት ልጅ ከነሞተሩ ኩሬው ውስጥ ገባ። ከዚያ እናቴ መጣች። ቆማ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ልክ ድንች እንደምትልጥበት ጊዜ፣ ዓይኗን ከፊቷ ተክላ። ያ ከባድ ሞተር በመጀመሪያው ድንጋይ ወጣ፤ በሁለተኛው ወጣ። አባቴ ሰሌዳውን ዝቅ አደረገው። እንዲህ አድርጎ እናቴን ሲያይ አይቼው አላውቅም ነበር። ኩራት ነበር፤ ፍርሃትም ነበር።

እኔ ግን ቫኑን እያየሁ ነበር። የመጨረሻው ድንጋይ ሲቀራት በገመዱ ሥር ሾለክሁና ውሃው ውስጥ ገባሁ። «እማዬ አትሂጂ!»

እናቴ ቆመች። እግሯ ወረደ። ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ሞተሩን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ያዘችኝ፤ ካፖርቱ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ቀረች አልኩ። ለእኔ ብላ ቆመች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«አምስት» አለ አባቴ።

እናቴ ዞረች። «ምን አልክ?»

«ቆመሻል። አምስት።»

«ልጅቷ እኮ ገባችብኝ! ሰው መንገድ ከዘጋ ድጋሚ ይሞከራል ይላል ደንቡ!»

«ልጅቷ የገባችው ሞተሩ ከጠፋብሽ በኋላ ነው። ሰምቻለሁ።»

«ጆሮህን ታጠብ! ሞተሩ ይሠራ ነበር፤ ለልጄ ብዬ ነው ያቆምኩት!»

«ክሊፍ፣ ድጋሚ ስጣት እንጂ» አለ አንዱ። «ሚስትህ እኮ ናት!» አለ ሌላው። ፒከርስጊል ራሱ ከታች «ስጣት አንተ ሰው!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ያችን አጭር እርሳስ ምላሱ ላይ አስነክቶ አምስት ብሎ ጻፈ። እናቴ ሰሌዳውን ልትነጥቀው ደረሰች። ሾርባ ሲጠጣ ተከራከሩ፤ ሽልማት ሲሰጥ ተከራከሩ። ሽልማቱን የወሰደው ቅድም ኩሬ ውስጥ የገባው የእህት ልጅ ነው፤ ያልተነካ ሞተር በመያዙም ተጨማሪ ዋንጫ ተሰጠው። ሲመሽ እናቴ ሞተሩን በሚስተር አልደርሰን ቫን ላይ ጭና፣ እሷ ግን ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ገባች። ክርክሩ ገና አላለቀማ።

በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ ደንቡን አሻሻለ። በእርግጥ አሮጌ የሆኑ ሞተሮች ሌሎቹን እንዳያውኩ ለብቻቸው «ልዩ ክፍል» ውስጥ ይወዳደሩ ተባለ። እናቴ ያንን ክፍል ለዓመታት አሸነፈች፤ ብቸኛዋ ተወዳዳሪ እሷ ነበረች። አባቴ ሞዞዋን ይቀባላት ነበር፤ እየቀባም፣ «ጠፍቶ ነበር» ይላል። «አልጠፋም» ትላለች። ገና በመጣ ቁጥር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሐኪም ቤት እንኳ ተራ ሲጠብቁ፣ ጠፍቶ ነበር፣ አልጠፋም። እኔ ሁልጊዜ የምፈርደው ለእናቴ ነበር። እንዴት አልፈርድ? ሞተሩ እየሠራ ለልጇ ብላ የቆመች እናት ልጅ ነኝ። ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ፣ ሥራዬን ያጣሁ ጊዜ፣ ይህንን አስቤ ተጽናንቻለሁ።

አባቴ ካቻምና ሞተ። ባለፈው መከር እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ሻይ እየጠጣን፣ እንደ ቀልድ አነሳሁት።

«ጠፍቶ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ሞተሩ ነዋ። ካንዴላውን ውሃ ነካው። ከጠፋ በኋላ ነው አንቺ የመጣሽው፤ እግሬን እስካወርድ እንኳ አላየሁሽም። አባትሽ ልክ ነበር።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ያማል፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ሰውም ያመዋል። «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረውማ ያልቃል።» መስኮቱን አየች። «ያን ክረምት እኮ ጁዲት፣ እኔና እሱ የምንነጋገረው አልነበረንም። እሱ ግራም ይቆጥራል፣ እኔ ብሎን እለቅማለሁ። በደረጃው አናት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በቀኝ ይዤ ወደ እህቴ ልሄድ ነበር። አልመለስም ነበር።»

«ከሚስተር አልደርሰን ጋር?»

«ከአልደርሰን ጋር!» ሻይዋ ትን አላት። «ምነው፣ እኔ የወደድኩት የብየዳ ማሽኑን ነው።»

«አባዬ ልትሄጂ እንደነበር ያውቅ ነበር?» አልኳት።

ስኒዎቹን ሰበሰበች፤ ወደ ማጠቢያው ወሰደችና ውሃውን ከፈተች።

«ያ ሁሉ ሰው ድጋሚ ስጣት እያለ ጮኸበት» አለች ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ቢሰጠኝ ኖሮ በደረጃው ወጥቼ በቀኝ እሄድ ነበር። እሱ ግን ያውቀኛል። ያላግባብ ነው ያልኩትን አምስት ትቼ የትም እንደማልሄድ ያውቃል።»